ሰባ ስምንተኛው ክፍል

«ዛሬም አልተኙም ማለት ነው፣ እማማ» አለች ምራታቸው ሪሞቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

የቁርሱ ሳህን ገና ከጠረጴዛው አልተነሣም። ልጃቸው በሩ ሥር አጎንብሶ ጫማውን ያስራል፤ ክሩ ከታሰረ ቆይቷል፣ እሱ ግን ቀና ላለማለት ሲል ይፈታውና መልሶ ያስረዋል። እማማ ሀሎ ሻያቸውን አስቀምጠው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። በድራማው ካለው የሆቴል ባለቤትና ከሦስት ሴት ልጆቹ ፎቶ ሥር «ክፍል 77» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። እሳቸው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሠላሳ አንደኛውን ክፍል አይተው፣ ሪሞቱን ዳንቴሉ ላይ አኑረው ነው የተነሡት። ረቡዕ ጠዋት ድራማው አርባኛው ክፍል ላይ ተገኘ። ሐሙስ ስድሳ አንደኛው ላይ። ዛሬ ዓርብ ደግሞ ይኸው። በዚህ ቤት ይህን ድራማ ከእሳቸው በቀር የሚያይ የለም፤ ምራታቸው ሦስት ሴቶች በአንድ ሆቴል የተነሣ መቶ አርባ ክፍል ሙሉ ሲያለቅሱ ለማየት ትዕግሥቱ የላትም። ስለዚህ ነገሩ ለባልና ሚስቱ ግልጽ ነው፤ እናትየው ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ሲነጋ ይረሱታል።

እማማ ሀሎ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ስልክ ማዞሪያ ቤት ውስጥ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ አንዱን ከአንዱ ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ዛሬም በር ሲንኳኳ «ማነው» አይሉም፣ «ሀሎ» ነው የሚሉት። ቦክሱ ወደ ቤታቸው ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ቀድሞ የነበረው የኬብል ጥቅል መቶ ሃያ ጣቢያ ነበረው፤ ቤተሰቡ የሚያየው ሁለቱን፣ ሲበዛ ሦስቱን ነው፤ የቀረው ዓሣ ማጥመድ፣ ጎልፍ፣ ቋንቋው የማይለይ ዜና። ለማያዩት ነገር የሚከፍሉት ሒሳብ በዓመት ሁለቴ ሲጨምር ልጃቸው መሮት አስቆረጠውና፣ በኢንተርኔት የሚሠራውን፣ ከሳሙና የማይበልጠውን ጥቁር ቦክስ አስገጠመ። ያኔ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ» አለ ልጃቸው ለጫማው። «ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው አሉ። ዝም ብሎ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። ቀኑን፣ ወሩን፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር።»

«ዓርብ ነው» አሉ እማማ ሀሎ።

በዚህ መሐል ስክሪኑ ብልጭ አለና ከፎቶው ሥር ያለው ቁጥር ሰባ ስምንት ሆነ። ሪሞቱ በምራታቸው እጅ ነው፤ ጣቷ አንድም ቁልፍ አልነካም። እማማ ሀሎ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት፤ ምራታቸው ፊቷን ወደ እሳቸው አዙራ ስለነበር አላየችም፣ ልጃቸውም ዓይኑ ጫማው ላይ ነው። ቁጥሩ በራሱ ተቀየረ ብሎ መናገር እዚህ ቤት ውስጥ አሁን የሐኪሙን ሥራ ከማቅለል በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ምራታቸው የቦክሱን የኃይል ገመድ ነቀለችና ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሐኪሙ እስኪያያቸው ብቻ እንደሆነ፣ ለእሳቸው ሲባል እንደሆነ ነገረቻቸው። ክፋት የለባትም፤ እንዲያውም ድምፅዋ ለማልቀስ ምንም አልቀረውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው። ሁለቱም ወጡና በሩ ተዘጋ።

እማማ ሀሎ ለልጃቸው ያልነገሩት ነገር ነበር። ቦክሱ ከገባ ጀምሮ ይህንንም ሆነ ከእሱ በፊት የጨረሷቸውን ድራማዎች ብቻቸውን አይተው አያውቁም። እሳቸው በቀን አንድ ክፍል ያያሉ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ ብቻ። በማግስቱ ሲከፍቱት ግን አንዳንዴ ከተዉበት ቦታ ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኙታል፣ ሌላ ሰው ያንኑ ክፍል ማታ አይቶ አንዱን ቦታ የደገመው ይመስል። አልፏቸው ግን አያውቅም። እግራቸውን ያመማቸው ጊዜ አምስት ቀን ሙሉ ሳያዩ ተኝተው ሲነሡ፣ ድራማው ጥለውት ከሄዱበት ንቅንቅ አላለም። ማንም ይሁን ማን፣ ይጠብቃቸዋል። አንድ ቀን ታዲያ ሙከራ አደረጉ፤ መካከለኛዋ ልጅ ከአባቷ ጋር የምትታረቅበትን ቦታ መልሰው አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አቆሙትና ተነሡ። በማግስቱ ሲከፍቱት ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ቆሟል፤ ታላቂቱ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምታንጎራጉርበት ቦታ ላይ። ደነገጡ፣ ድንጋጤው ግን የፍርሃት ብቻ አልነበረም። ማዞሪያ ቤት ሳሉ መስመር ሲፈትሹ አንዴ አጭር ይደውላሉ፤ ከወዲያ ማዶ ያለችው ባልደረባ አንዴ አጭር ትመልሳለች። ቃል አይለዋወጡም። ሰው መኖሩ ብቻ ይታወቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሰው «እሷ» ይሏት ጀመር፤ ለምን ሴት እንዳደረጓት ራሳቸውም አያውቁም። ለማንም አልተነፈሱም። አሮጊት ሴት ቴሌቪዥኔ ውስጥ ጓደኛ አለችኝ ካለች መጨረሻዋ ምን እንደሆነ አልጠፋቸውም።

ይህች ሰው ናት እንግዲህ ማክሰኞ ማታ ጥላቸው የሄደች። አርባ ሰባት ክፍል። ረቡዕ ዕለት መጀመሪያ የተሰማቸው ኩርፊያ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ጨምድዶ ያዛቸው። ድራማው ሦስት ክፍል በተከታታይ ከታየ በኋላ ራሱ ይቆማል፤ ስክሪኑ ይጨልምና «አሁንም እያዩ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኖ አዎ ካላለው አይቀጥልም። እንግዲያው ከወዲያ ማዶ አንድ እጅ አለ፤ ሌት ተቀን፣ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ አዎ የሚል፣ ምንም ጊዜ በቅጡ ያልተኛ እጅ። አለዚያ ደግሞ እጁ የራሳቸው ነው። ሌሊት በድንግዝግዝ ተነሥተው፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው፣ አዎ እያሉ ያድራሉ፣ ሲነጋም ምንም አያውቁም። ይህ ሐሳብ ሲመጣባቸው እጃቸውን አገላብጠው አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰላቸው። ቅድም ሰባ ስምንት ሲሆን አይቻለሁ፣ ወይስ ያየሁ መሰለኝ? ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ እዚያ ማዶ ሰው አለ፣ ወይ እዚህ እሳቸው የሉም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማወቅ አለባቸው። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው የመንገዱን አደረጉና ወጡ።

ቦክሱን የገጠመው ባለሙያ ሱቁ ፋርማሲው አጠገብ ናት። ግድግዳ ሲወጣ ስለኖረ ሸረሪት ይሉታል። ደጃፉ ላይ አሮጌ ዲሾች እንደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተደራርበዋል፤ ውስጥ ደግሞ ባለቤታቸው የጠፋ ሪሞቶች ግድግዳውን ሞልተውታል። ሸረሪት አንድ ቦክስ ፈታትቶ በብሩሽ አቧራውን ይጠርጋል። ወንበር ሳበላቸው፣ ጤንነታቸውን ጠየቀ፣ ኬብል ዘንድሮ ስንት እንደገባ ነግሯቸው ሳቀ። እማማ ሀሎ አልተቀመጡም።

«ሸረሪት፣ የኔን መስመር ከማን ጋር ነው ያጣመርከው?»

«እማማ ደግሞ! ይሄ እኮ ስልክ አይደለም። የእርስዎ ለብቻው ነው።» ከዚያ ስለ አዲሱ ቦክስ ያወራ ጀመር፣ ድምፅ እንደሚሰማ፣ ሪሞት እንኳ እንደማያስፈልገው። እሳቸው ዝም አሉት። የሚዋሽ ሰው ዝምታ ሲረዝምበት ራሱ እንደሚሞላው ያወቁት ማዞሪያ ቤት ነው። ሸረሪትም ብሩሹን አስቀመጠ፣ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠና ሞላው። አካውንት ለመክፈት ኢሜይል ያስፈልጋል፤ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል፤ ስልክ ላይ የሚመጣ ቁጥር ያስፈልጋል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቤት ሲሄድ ኢሜይል የላቸውም፣ ለአንድ ቦክስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ለእናቶችና ለአባቶች አንድ አካውንት ከፍቶ ስድስት ቤት ውስጥ አስገብቶታል፤ በአንዱ ቤት የታየው በሁሉም ላይ ይቆጠራል። ከየቤቱ የሙሉ አካውንት ዋጋ እንደተቀበለ እሱንም አልደበቀም። ማንም አይጎዳም ብሎ ነበር፤ ድራማ እንደሆነ ሲያዩት አያልቅ።

ሲጨርስ እማማ ሀሎ ያኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አእምሯቸው አልሳተም፤ ከወዲያ ማዶ ሰው አለ። ሸረሪትን ላፕቶፑን እንዲከፍት አዘዙት። በስክሪኑ ላይ ስድስት መስመር ተደረደረ፣ ስድስቱም ላይ «ሳሎን» የሚል ተጽፏል፤ ሸረሪት ለቦክሱ ስም አውጣ ሲባል ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ምርጫ ነበር የሚጫነው። ከስድስቱ ሳሎኖች በአንደኛው አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በርታለች። ይህ ሰው አሁን በዚህች ደቂቃ እያየ ነው አለ ሸረሪት፤ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ስልክ መደወል ጀመረ። ጡረተኛው ሾፌር ከኳስ ሌላ አላይም አሉት። አንዷ እናት ቦክሱን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተውታል፣ እሷም ተማሪ ቤት ናት። ሌላዋ ከገዙት ጀምሮ የአበባ ማስቀመጫ ጠረጴዛውን እንዳይቧጥጥ ከሥሩ ደግፈውበታል። አራተኛው ሰውዬ ገበያ ነበሩ፣ ቤታቸውም መብራት የለም። አምስተኛዋ እማማ ሀሎ ራሳቸው ናቸው። የስድስተኛዋ ስልክ ዝግ ነው።

«የፋብሪካው ጀርባ ያሉት እትዬ ናቸው፣ ልብስ ሰፊዋ» አለ ሸረሪት። ከዚያ ቀስ ብሎ ጨመረ፤ «ባለፈው ወር ልጃቸው ደውላልኝ ነበር። እናቴ በቦክሱ በኩል ከኔ ጋር የሚያይ ሰው አለ ትላለች፣ ምን አድርገህበት ነው ብላ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

ሸረሪት መፍቻውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «ቦክሱ ጤነኛ ነው አልኳት።»

በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። መንገድ ላይ ሸረሪት የመሣሪያ ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ይለምናቸዋል፤ ስለ አካውንቱ አይንገሩብኝ፣ እንጀራዬ ነው፣ ለምን መጣችሁ ቢሉን ዲሽ ለመሥራት ስናልፍ ድምፅ ሰማን እንበል። እማማ ሀሎ እሺም እምቢም አላሉ፣ ትንፋሻቸውን ለእርምጃቸው ነበር የፈለጉት። ሕንፃው ባለ አምስት ፎቅ ነው፤ ቀለሙ ረግፏል፣ የደረጃው መደገፊያ ብረት በእጅ ብዛት ለስልሷል። ጥበቃው አራተኛ ፎቅ ድረስ ተከትሏቸው ወጣ። በሩ ላይ በውጭ በኩል ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ ሰው ወጥቶ የሄደበት ቤት ላይ እንደሚንጠለጠለው ያለ። ከውስጥ ግን ቴሌቪዥን ይሰማል።

ጥበቃው ሰው ያዘነለትን ነገር እንደሚያወራ ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳቸው። እትዬ ጭንቅላታቸውን አሟቸዋል። ከመሬት ተነሥተው የሰው በር እያንኳኩ «ከኔ ጋር የምታዪው አንቺ ነሽ ወይ?» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አስቸገሩ፤ አንድ ቀን ጭራሽ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ተገኙ። ልጅቱ ሥራ ውላ ወደ ራሷ ቤት የምትገባ ናት፣ ምን ታድርግ፤ ስልካቸውን ወሰደች፣ በሩን ቆለፈች፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ምግብ ታመጣለች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ መጥፎ ልጅ አይደለችም። ይጮኻሉ፣ ግድግዳም ይደበድባሉ፤ አትስማቸው፣ በሽታው ነው ብላ አደራ ብላዋለች።

«አሁን እንኳ ደህና ናቸው» አለ። «ከትናንት ጀምሮ መደብደቡን ትተዋል።»

እማማ ሀሎ ጆሯቸውን በሩ ላይ አስጠጉ። የሚያውቁት የመዝጊያ ዜማ እየተሰማ ነው፤ ሦስቱ እህትማማቾች በባሕሩ ዳር ሲሄዱ ስም እየተጻፈ የሚያልፍበት። ዜማው አለቀ። ፀጥ አለ። ሸረሪት ስልኩን አውጥቶ አየና አረንጓዴዋ ነጥብ እንደጠፋች ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ነገራቸው። ሦስት ክፍል ሞልቶ ይሆናል። እማማ ሀሎ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሁለቱንም አስቆሟቸው። ከታች አንድ ሰው መኪና አስነሥቶ ሄደ። የደረጃው አምፖል በሰዓቱ ጠፋ፣ ማንም አላበራውም። በጨለማው ውስጥ ያ ጥያቄ ከበሩ ወዲያ ስክሪን ላይ በርቶ እንደሚጠብቅ እማማ ሀሎ ያውቃሉ፤ አሁንም እያዩ ነው? አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። በሕይወታቸው ብዙ ዝም ያለ መስመር አዳምጠዋል፤ ሰው ያለበት ዝምታና ሰው የሌለበት ዝምታ አንድ አይደለም። ይህኛውን ግን መለየት አቃታቸው። ጥበቃው ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል የመክፈቻው ዜማ ከውስጥ ጀመረ።

እማማ ሀሎ በጣታቸው አጥንት በሩን አንዴ፣ አጭር መቱ። ከውስጥ፣ ከታች፣ ከወለሉ ተጠግቶ አንዴ፣ አጭር ተመለሰ።

ሸረሪት ማንንም አላስፈቀደም። የቁልፉ ማንጠልጠያ የተያዘበትን አራት ብሎን በመፍቻ ፈታው። ጥበቃው ተዉ፣ ከሥራዬ ታስባርሩኛላችሁ እያለ እጁን ያነሣል፣ ግን አልያዘውም። በሩ ሲከፈት የታፈነ አየር ፊታቸውን መታው። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ቤቱን የሚያበራው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው፤ በጨርቅ የተሸፈነ የልብስ ስፌት መኪና አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ቢጫ ይሆናል። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መካከል ወለሉ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ተዘርግተዋል። አንድ እግራቸው እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል። አጠገባቸው ባዶ የውኃ ላስቲክ ወድቋል፣ እጃቸው ሪሞቱን ጨብጧል። ዓይናቸው ወደ ገቡት ሰዎች ዞረ፣ ሸረሪትንና ጥበቃውን አለፋቸው፣ እማማ ሀሎ ላይ ቆመ።

«ስንተኛው ላይ ነሽ?» አሉ። ድምፃቸው አልቆ ትንፋሽ ብቻ ነበር የቀረው።

«ሠላሳ አንድ» አሉ እማማ ሀሎ በጉልበታቸው እየተንበረከኩ። «እየጠበቅሁሽ።»

«አውቄ ነው ያለፍኩሽ። ጮኬ ሰሚ ሳጣ… ስትናደጂ ትመጫለሽ ብዬ።»

እማማ ሀሎ አለቀሱ። ውኃ በማንኪያ እየጨለፉ ከንፈራቸውን አራሱላቸው፤ ሸረሪት አምቡላንስ ጠራ፤ ጥበቃው ደረጃው ላይ ወጥቶ ለልጅቱ ደወለ። አምቡላንሱ ከተማው መሐል ተይዞ ስለነበር ልጅቱ ቀደመችው። የሱፐርማርኬት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ደረቷ ላይ የስም ካርድ እንደተንጠለጠለ፣ አራት ፎቅ ሮጣ ወጣች። እናቷ እግር ሥር ወድቃ እማዬ እያለች ስትጣራ ማየት አንጀት ይበላል። ሸረሪት ያቀደውን ተናገረ፤ ዲሽ ሊሠራ ሲያልፍ ድምፅ ሰማ። ልጅቱ አመሰገነችው፣ እጁን ልትስም ምንም አልቀራት። እሱ እጁን ሸሸገ።

«ያቺ ናት» አሏት እናቷ፣ እማማ ሀሎን በዓይናቸው እያሳዩ። «ከኔ ጋር የምታየው። ነግሬሽ ነበር እኮ።»

ልጅቱ እንባዋን በክርኗ ጠርጋ ጥበቃውን ቀና ብላ አየችው፤ ያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ከበሽተኛው ራስ በላይ የሚያልፈው አስተያየት ነው። ሰሞኑን ልጃቸውና ምራታቸው በእማማ ሀሎ ራስ ላይ ሲያሳልፉት ነበር። እማማ ሀሎ ዝም ቢሉ ማንም አይፈርድባቸውም፤ ሴትየዋ ተርፈዋል፣ ሸረሪትም እንጀራው ይተርፍለታል።

«እውነቷን ነው» አሉ። «እኔ ነኝ። ስምንት ወር አብረን ነው ያየነው።»

ያ አስተያየት አሁን ወደ እሳቸው ዞረ። ልጅቱ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን በሚወራበት ድምፅ፣ እሺ እማማ፣ ይቀመጡ አለቻቸው። እማማ ሀሎ አልተቀመጡም። ቴሌቪዥኑ ላይ እህትማማቾቹ ስለ ሆቴሉ ይጨቃጨቃሉ። ሸረሪት ከበሩ አጠገብ የመሣሪያ ቦርሳውን ከትከሻው አወረደ።

«እኔ ነኝ ያገናኘኋቸው» አለ። ሁሉንም ነገራት፤ አካውንቱን፣ ስድስቱን ቤት፣ በስልክ ስትጠይቀው የመለሰላትን። አላቀላጠፈውም፣ ግን አልቀነሰውምም።

ልጅቱ አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻል ነበር። እናቷን አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች፣ ከዚያ በሩን አየች። ወደ ጥበቃው ስትዞር ፊቷ የሌላ ሰው ሆኗል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያንኳኩት?»

«ከማክሰኞ ማታ» አለ ጥበቃው። «እርስዎ ነዎት እኮ አትስማ ያሉኝ።»

አምቡላንሱ መጥቶ ሴትየዋን በቃሬዛ ሲያወርዷቸው ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። እማማ ሀሎ አጠገባቸው ለመሄድ ደረጃው ጠበበባቸውና ወደ ኋላ ቀሩ። ቦርሳቸው ውስጥ ስልካቸው ጠራ፤ ልጃቸው ነው፣ ቤት ደርሶ አጥቷቸዋል፣ ድምፁ ውስጥ ቁጣና ፍርሃት ተደባልቋል። እማዬ የት ነሽ፣ ቀጠሮው እኮ ሊያልፈን ነው አላቸው። እሳቸው የሕንፃውን አቅጣጫ አንድ በአንድ፣ ድሮ መስመር ሲያገናኙ በሚናገሩበት ጥርት ያለ ድምፅ ነገሩት፤ ፋብሪካውን፣ የረገፈውን ቀለም፣ አራተኛ ፎቅን። ሐኪሙ ይቆየን፣ አስቀድሞ አንድ በር ላሳይህ አሉት።

«የምን በር?» አለ ልጃቸው።

«ከውጭ የሚቆለፍ» አሉት።